የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ምሕንድስናን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ጉዳያቸው ተቀራራቢ ነው፤ የጸሐፊዎቹ ኑሮ ግን ስለሚለያይ ለአንዱ የምመክረውን ለሌላው አልመክርም። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ የምመልሰው ብዙዎቻችሁ በተለያየ ጊዜ ያንኑ ስለጠየቃችሁኝ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 21 ነው። ከወላጆቼና ከሁለት እኅቶቼ ጋር በዲቪ አሜሪካ ከገባን ስምንት ወራችን ነው፤ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አገር ቤት ሜካኒካል ምሕንድስና እየተማርኩ ሦስተኛ ዓመትን አጋምሼ ነበር። አሁን ሌሊት ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እጭናለሁ። አባቴ ‹ዩኒቨርሲቲ የነበረ ልጅ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አይወርድም› ይላል። አጎቴ ደግሞ ዕዳ ውስጥ ከመዘፈቅ እዚያ መጀመር ይሻላል ባይ ነው። አንድ ኮሌጅ ሄጄ አማካሪ ባነጋግር ወረቀቴን እንኳን ሳያይ ከፕሪካልኩለስ ጀምር አለኝ። ሁለት ዓመት ተኩል የለፋሁበት እንዲሁ ውሃ በላው ማለት ነው? እርስዎ በዚሁ መንገድ እንዳለፉ በዚህ አምድ ስላነበብኩ ነው የጻፍኩልዎ። ብ. — ከአሌክሳንድሪያ»

ወንድሜ፣ አባትህ እንዲህ ቢሉ አልፈርድባቸውም። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነጥቡ የሞላለት ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ ያልሞላለት ኮሌጅ ይገባል። «ኮሌጅ» የሚለው ቃል በአባትህ ጆሮ ውስጥ «ነጥብ ያልመጣለት» እየተባለ ነው የሚሰማው። እኔም እ.ኤ.አ. በ2003 ወደዚህ አገር ስመጣ ይኸው ስሜት አብሮኝ መጥቷል። በተመዘገብኩበት ሳምንት ለእናቴ በስልክ «ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» ብዬ ዋሽቻታለሁ፤ እውነቱን የነገርኳት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ድልድይ እየነደፍኩና እየመረመርኩ እንጀራዬን እበላለሁ። ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነኝን ስታቲክስ፣ ማለትም የቆሙ ነገሮችን ሚዛን የሚያጠናውን ኮርስ፣ ያስተማረኝ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መምህር ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ 22 ተማሪዎች ብቻ ስለነበርን ሁላችንንም በስማችን ይጠራን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከተዛወርኩ በኋላ መምህሩ ስሜን የሚያውቅበት ክፍል ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

እዚህ አገር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማለት ለሚዛወር ተማሪ የአራት ዓመቱ ዲግሪ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ነው። ካልኩለስ ከአንድ እስከ ሦስት፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ስታቲክስ፣ የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን የሚያጠናውን ዳይናሚክስና ፕሮግራሚንግ ይማርና ሦስተኛ ዓመት ላይ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ዲግሪው የዩኒቨርሲቲው ነው፤ የት እንደጀመርክ አይጻፍበትም። ለሙያ ፈቃድ ስታመለክት የሚታየውም የተመረቅክበት ፕሮግራም ኤቤት ከሚባለው እውቅና ሰጪ ድርጅት እውቅና ያለው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ለእኔ «ልግባ ወይስ አልግባ?» የሚለው ጥያቄ ቀላሉ ነው፤ ግባ። ከባዱና ሰው ሁሉ የሚዘለው ጥያቄ ከዚያ በፊት የሚመጣው ነው፦ የምትመረቀው ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ በየትኛው ትምህርት ክፍል ነው? ይህን ሳትወስን አንድም ኮርስ አትመዝገብ። ለሜካኒካል የሚፈለገውና ለኤሌክትሪካል የሚፈለገው ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ይለያያል። በአንድ ትምህርት ክፍል እንኳን አንዱ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪን አንድ ሴሚስተር ብቻ ሲፈልግ ሌላው ሁለት ሊፈልግ ይችላል፤ አንዱ የሚጠይቀውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሌላው ላይቀበለው ይችላል። መድረሻውን ሳያውቅ የጀመረ ልጅ 70 ክሬዲት ሰብስቦ ሲዛወር 20ው በ«ተጨማሪ ምርጫ» ስም ይቀመጥለታል። ክሬዲቱ ተቆጥሯል ይሉታል፤ ለዲግሪው ግን አንዲት እርምጃ አያስኬደውም።

ከአንተ ቤት ምርጫው ቅርብ ነው። ሁላችንም ኖቫ የምንለው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሌክሳንድሪያ ካምፓስ አለው፤ ስካይላይን ከሚባለው ሠፈር ብዙ አይርቅም። አናንዴል ያለው ካምፓስም ሩቅ አይደለም። ከኖቫ ፌርፋክስ ወዳለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ብትዛወር ከወላጆችህ ቤት ሆነህ መመላለስ ትችላለህ። ሁለቱ ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመሩት አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አለ፤ ተማሪው ገና ኖቫ ሳለ የሜሰንን የኮርስ መንገድ ይዞ ይጓዛል። ይህን ፕሮግራም የሚቀላቀሉት ግን በጊዜ ነው፤ ብዙ ክሬዲት ካጠራቀሙ በኋላ አይደለም። ቨርጂኒያ ቴክም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብላክስበርግ በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ ስለሆነ የቤት ኪራይና ምግብ ከአሁኑ አስላ። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተፈራረሙት የቅበላ ዋስትና ስምምነት አለ። ምሕንድስና ላይ ስምምነቱ ጠበቅ ይላል፤ ከሌሎች ትምህርቶች ከፍ ያለ አማካይ ውጤትና በስም የተጠቀሱ ኮርሶችን ይጠይቃል። ያንን ወረቀት ራስህ አውርደህ አንብበው። አማካሪ የሚነግርህ ካነበብከው ጋር ካልገጠመ ወረቀቱን አውጥተህ አሳየው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ ምክንያቱም ያ አማካሪ ወረቀትህን ሳያይ የነገረህ ነገር የአንድ ዓመት ዕድሜህን የሚበላ ነው። በምሕንድስና አንዱ ኮርስ የሌላው ቁልፍ ነው። ፕሪካልኩለስ ሳይታለፍ ካልኩለስ አንድ አይከፈትም። ካልኩለስ አንድ ሳይኖር የመሐንዲሶቹ ፊዚክስ የለም፤ በብዙ ቦታ ያ ፊዚክስ ሳይኖር ስታቲክስ ወይም ዳይናሚክስ አይከፈትም፤ ስታቲክስ ሳይኖርም ዳይናሚክስ የለም። በዓመት ሁለት ዋና ሴሚስተር ነው ያለው፤ አንደኛው በኦገስት መጨረሻ፣ ሁለተኛው በጃንዋሪ ይጀምራል። ከፕሪካልኩለስ ብትነሣ ካልኩለስ ሦስትን የምትጨርሰው በአራተኛው ሴሚስተር ነው። ከካልኩለስ ሁለት ብትነሣ በሁለተኛው ትጨርሰዋለህ። ልዩነቱ ሙሉ ዓመት ነው፤ ከዚያ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ካመለጠህ ሌላ ስድስት ወር ይጨመርበታል።

አገር ቤት የተማርከው ውሃ አልበላውም፤ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃውም በራሱ አይናገርም። የእኛን «አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድ» አስበው። ቬክተርና ማትሪክስ፣ ሊሚት፣ ደሪቬቲቭና ኢንቴግራል በአንድ ኮርስ ውስጥ ታጭቀው የሚሰጡበት ነው። እዚህ ያለ ገምጋሚ ርዕሱን ብቻ ሲያይ ከየትኛው ካልኩለስ ጋር እንደሚያስተካክለው ይቸገራል። «ኢንጂነሪንግ ሜካኒክስ አንድ» ብለን የተማርነው ስታቲክስ፣ «ሁለት» ያልነው ዳይናሚክስ መሆኑንም ከርዕሱ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት፣ የተማራችሁበትን መጽሐፍና የክሬዲቱን መጠን የሚያሳይ ወረቀት ከትምህርት ክፍልህ አስወጣ። ለዚህ አገር ቤት ላለ የምታምነው ዘመድ ውክልና መላክ ይኖርብሃል። ትምህርቱን ያቋረጥከው በሥርዓቱ ዊዝድሮው ሞልተህና ክሊራንስ ጨርሰህ ካልሆነ ሬጅስትራር ያመላልሰዋል፤ የወጪ መጋራቱም ሒሳብ ካልተዘጋ ዋናውን ትራንስክሪፕት አይለቁለትም። ይህ ወራት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ዛሬ ጀምረው። ትራንስክሪፕቱን እዚህ እውቅና ባለው የማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ አስገምግመው፤ አጠቃላይ ግምገማ የሚባለው ርካሹ ዓይነት ለዝውውር አይጠቅምህም። ውጤቱን ለኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ብቻ አታስገባ፤ በኋላ ለምትዛወርበት ዩኒቨርሲቲም ለብቻው ይላካል፤ የራሱን ውሳኔ የሚሰጠው እርሱ ነውና።

ወረቀቱ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ኮሌጁ የሂሳብ ምደባ የሚወስንበትን መንገድ ጠይቅ፤ ፈተና ካለ ተፈተን። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ተዘጋጅ። እኔ ሳልዘጋጅ ገብቼ ሎጋሪዝም ረስቼ ከምፈልገው በታች ተመድቤያለሁ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልለምንህ፦ በእልህ አትዝለል። አፕላይድ ሁለትን የተማርከው ትምህርቱ እየተቆራረጠ፣ ምዕራፍ እየተዘለለ ከሆነ፣ የቴይለር ሲሪስና የኢንቴግራል ስልቶች እጅህ ላይ ከሌሉ፣ ክሬዲቱን ቢሰጡህ እንኳን ካልኩለስ ሁለትን እንደገና ውሰደው። ብዙ ጎበዝ ልጆች የወደቁት እዚያች ኮርስ ላይ ነው።

ከራሴ ላይ የደረሰውንም ልንገርህ፤ የተማርኩበትን ኮሌጅ ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የኔ ነበር። ቀን እሠራ ስለነበር የማታ ኮርስ ስፈልግ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የሚሰጥ ፊዚክስ አገኘሁ። ሰዓቱ ልክ በልክ ነበር። ተመዘገብኩ፤ ሁለት ሴሚስተር ተምሬ ሁለቱንም «ኤ» አገኘሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በኮሌጆቹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፊዚክስ አለ፤ አንዱ በአልጀብራ ብቻ የሚሰጥ ለጤናና ለሌሎች ትምህርቶች የሚሆን፣ ሌላው በካልኩለስ የሚሰጥ የመሐንዲሶችና የፊዚክስ ተማሪዎች። የኔው የመጀመሪያው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለዲግሪው አይቆጠርም አለኝ። ፊዚክሱን እንደገና እስክጨርስ ዳይናሚክስ ተዘጋብኝ፤ ዳይናሚክስን የሚጠብቁ ኮርሶችም አብረው ተዘጉ። ለሁለት «ኤ» አንድ ዓመት ከፈልኩ። የኮርሱን ስም ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን አይተህ ከዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ጋር አመሳክር።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ወጥመድ አለ፤ ይህኛው ደግሞ ከፊዚክሱ የከፋ ነው። በኮሌጁ የትምህርት ዝርዝር ውስጥ «ኢንጂነሪንግ» እና «ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ» ጎን ለጎን ታገኛለህ። ለመዛወር የተዘጋጀው የመጀመሪያው ነው፤ የሳይንስ አሶሼት የሚባል የሁለት ዓመት ዲግሪ ይሰጥበታል። ሁለተኛው በቀጥታ ሥራ ለሚገባ ቴክኒሻን የተዘጋጀ የተግባር ሳይንስ አሶሼት ነው። ክቡር ሙያ ነው፤ ደመወዙም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ኮርሱ ወደ ምሕንድስና ዲግሪ አይሻገርም፤ ሂሳቡም እስከ ካልኩለስ ሦስት አይደርስም። ሰው የሚሳሳተው የቴክኖሎጂው ክፍል ማሽን በማሽን ስለሆነ ዓይን ስለሚማርክ ነው።

ሌሊት እንደምትሠራ ጽፈሃልና ስለ ሥራና ትምህርት ጥቂት ልበል። እኔ ዋሽንግተን መሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። አንዲት ጠባብ የመስታወት ክፍል፣ እግሬ ሥር ትንሽ ማሞቂያ፣ ከፊቴ ደግሞ መኪና የሚያስቆመው አግዳሚ ዘንግ ነበር። ስታቲክስ በጀመርኩ ሰሞን መምህራችን በዙሪያችሁ የቆመ ነገር ሁሉ ለምን እንዳልወደቀ ጠይቁ አለን። በማግሥቱ ያንን በቀን መቶ ጊዜ የማየውን ዘንግ ገና አሁን አየሁት። ረጅሙ ወገን ሦስት ሜትር ይሆናል፤ በአጭሩ ወገን ከሳጥኑ ጀርባ ከባድ ብረት ታስሮበታል። ሞተሩ እፍኝ የምታህል ናት፤ ያንን ዘንግ የምታነሣው ብረቱ ስለሚያግዛት ነው። አንድ ትኬት ገልብጬ ዘንጉን ብቻውን ሳልኩት፤ የራሱ ክብደት በመሃሉ ወደ ታች፣ የብረቱ ክብደት በጫፉ ወደ ታች፣ የምሰሶው ምላሽ ወደ ላይ። በምሰሶው ዙሪያ ሞመንቱን፣ ማለትም እያንዳንዱ ክብደት ዘንጉን ለማዞር ያለውን ጉልበት፣ ደምሬ ብረቱ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ሳወጣ አንድ ደንበኛ መስኮቱን እያንኳኳ ነበር። ትኬቱ አሁንም አለኝ። አንተም የምትሠራበት ቦታ ሻንጣ ሽቅብ የሚያወጣ ቀበቶ አለ፤ በምን ያህል ተዳፋት ላይ ሻንጣው መንሸራተት እንደሚጀምር አስበህ ታውቃለህ?

ይህን የምልህ ግን ሥራና ምሕንድስና በቀላሉ አብረው ይሄዳሉ ለማለት አይደለም። እንቅልፍ ሳይተኙ ካልኩለስ የሚገባው ሰው አላየሁም። 12 ክሬዲት በወረቀት ላይ ሙሉ ጊዜ ይባላል፤ ለሌሊት ሠራተኛ ከበቂ በላይ ነው። በአንድ ሴሚስተር ከሁለት በላይ ከባድ ኮርስ፣ ማለትም ከአንድ ሂሳብና ከአንድ ፊዚክስ ወይም ሜካኒክስ በላይ አትያዝ። እንደ እንግሊዝኛ ድርሰትና ታሪክ ያሉትን ቀለል ያሉ ኮርሶች በየሴሚስተሩ አንድ አንድ እያልክ በትናቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት ጠራርገህ አትጨርሳቸው። ብዙዎቻችን ቀላሉን በልተን ጨርሰን በመጨረሻ አራት ከባድ ኮርስ በአንድ ላይ ተጋፍጠናል።

ስለ ገንዘቡ፦ ግሪን ካርድ ስላለህ ፋፍሳ የሚባለውን ማመልከቻ ሞልተህ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ መጠየቅ ትችላለህ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር፤ ይህም የስቴቱ ነዋሪ ለሆነ ሰው የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ክፍያ ሸፍኖ ለመጽሐፍም ይተርፋል። ግን ፔል የሚሰጠው በዕድሜ ልክ ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ስለሆነ በማይረባ ኮርስ አታቃጥለው። የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቨርጂኒያ በአጠቃላይ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት 12 ወር መኖርን ትጠይቃለች። ስምንት ወር ነው ያልከኝ፤ ስለዚህ ቀኑን ቆጥረህ ከሞላልህ ሴሚስተር ጀምር። የወላጆችህን የኪራይ ውል፣ የመንጃ ፈቃድና የግብር ወረቀት በአንድ ማኅደር አኑር፤ አንተ ከ24 ዓመት በታች ስለሆንክ የሚታየው በዋናነት የእነርሱ ነዋሪነት ነው።

ስትዛወር ከ«ሲ» በታች ያገኘህበት ኮርስ አይሻገርም። አማካይ ውጤትህም ለመግባት ይጠቅምሃል እንጂ አብሮህ አይገባም፤ ዩኒቨርሲቲው ከባዶ ይጀምርልሃል። ሦስት ነጥብ ስምንት ይዞ ገብቶ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ነጥብ አራት ያየ ልጅ እንዴት እንደሚደነግጥ አውቃለሁ፤ አስቀድመው ሊለማመዱት የማይችሉት ነገር ስለሆነ ያንን ሴሚስተር ቀለል አድርገህ ያዘው።

አባትህን አንድ ቅዳሜ ካምፓሱን አሳያቸው። ከዚያ በፊት ግን የሜሰንን የሜካኒካል ምሕንድስና የአራት ዓመት የኮርስ ዝርዝር አትመህ፣ ኖቫ የሚወሰደውን በቀለም አስምረህ ፊታቸው አስቀምጥ። ሰው የሚከራከረው ከቃል ጋር ነው፤ ግማሹ የተሰመረበት ወረቀት ሲያዩ ንግግሩ ይለወጣል። የእኔ እናት ሰባት ሺህ ማይል ርቃ እንኳን የተስማማችው ዝርዝሩን በፖስታ ልኬላት ወንድሜ ካነበበላት በኋላ ነው።

«ኢትዮጵያ ውስጥ በሲቪል ምሕንድስና በዲግሪ ተመርቄ አራት ዓመት በመንገድ ሥራ ላይ ሠርቻለሁ። አሁን ሲያትል ታክሲ እነዳለሁ። ጓደኞቼ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብተህ እንደ አዲስ ጀምር ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል? ተ.»

አይጀምሩ። እርስዎ መሐንዲስ ነዎት፤ ዲግሪ ያለው ሰው እንደ አዲስ ዲግሪ የሚጀምርበት ምክንያት አይታየኝም። ከዚህም ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም፣ ፔል ግራንት አያገኝም፤ ስለዚህ ከኪስዎ ነው የሚከፍሉት።

ማስረጃዎን ያስገምግሙ። በስቴቶቹ የመሐንዲሶች ፈቃድ ሰጪ ቦርዶች ዘንድ የሚታወቀው ኤን-ሲ-ኢ-ኢ-ኤስ የተባለው ድርጅት የውጭ አገር የምሕንድስና ዲግሪ ይገመግማል፤ የጎደለ ካለ በየዘርፉ ለይቶ ያሳያል። ጎደለ የሚለው አንድ የሂሳብ ወይም የሳይንስ ኮርስ ከሆነ ያኔ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይሂዱና ያችን አንዷን ብቻ ይውሰዱ። ጎን ለጎን የሙያ ፈቃድ የመጀመሪያ ፈተና የሆነውን ኤፍ-ኢ ያጥኑ። በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ 110 ጥያቄ ያለው፣ ከመግቢያ እስከ መውጫ ስድስት ሰዓት የሚፈጅ ነው፤ ለሲቪል የራሱ ፈተና አለው። የቀመር መጽሐፉ በስክሪኑ ላይ ስለሚቀርብ ቀመር በቃል አይያዝም፤ የሚያስፈልገው መጽሐፉን ገጽ በገጽ ማወቅ ነው፤ ከድረ ገጻቸው በነጻ ያወርዱታል። ኤፍ-ኢን ያለፈ ሰው የሥራ ማመልከቻ በሌላ ዓይን ይታያል። ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ደንብ ስለሆነ የዋሽንግተን ስቴትን ቦርድ ደንብ ከምዝገባ በፊት ያንብቡ። ታክሲውን ገና አይተዉት፤ ግን የሰዓቱን ሲሶ ለፈተናው ይስጡ።

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ብቻዬን ያሳደግኳት ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፤ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ልትማር ነው። ሌላ ስቴት ያለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ የሰጡን እርዳታ ተቀንሶ በየዓመቱ 30 ሺህ ዶላር መበደር አለብን። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ደግሞ ሠፈራችን ነው። የጓደኞቼ ልጆች ስሙ የተጠራ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ከቅዳሴ ስንወጣ ‹ልጅሽ የት ገባች?› ሲሉኝ ምን ልበል? እናት»

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ስለ 30 ሺሁ እናውራ። የፌዴራል መንግሥት በወላጅ ሥር ላለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በራሱ ስም የሚያበድረው 5,500 ዶላር ብቻ ነው። የቀረው 24,500 በእርስዎ ስም የሚወሰድ ወይም እርስዎ ዋስ ሆነው ከግል አበዳሪ የሚመጣ ነው። ስለዚህ «ልጄ ትበደራለች» ብለው ካሰቡ አብዛኛው ዕዳ የሚያርፈው እርስዎ ላይ ነው፤ አረጋውያንን እያነሡ እያስቀመጡ የሚያመውን የእርስዎን ወገብ ይዞ። በአራት ዓመት 120 ሺህ ይደርሳል፤ ወለዱ ሳይቆጠር። በዚህ ዋጋ ካልኩለስ አንድን መማር ልክ አይደለም እላለሁ፤ በማንኛውም ስም በተጠራ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን።

ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተ ነው፤ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሮክቪልና ጀርመንታውን ካምፓስ አለው፤ ምሕንድስና ጀምረው ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩ ልጆችም የተለመዱ ናቸው። የኤሌክትሪካል ተማሪ ዝውውር ከማድረጓ በፊት የሰርኪዩት ኮርሶቿን በሥርዓት መያዝ አለባት፤ ለወጣቱ የጻፍኩት ሁሉ፣ በተለይም የፊዚክሱና መድረሻን አስቀድሞ የመምረጡ ነገር፣ ለእርሷም ይሠራል።

የሚቀርባትንም አልደብቅዎ። የመጀመሪያ ዓመት የተማሪ ማደሪያ ሕይወትና እዚያ የሚገኘው ጓደኝነት አይኖራትም። ዩኒቨርሲቲዎች ለጀማሪ የሚሰጡት የነጻ ትምህርት ዕድልም ለተዛዋሪ ከሚሰጡት ይበዛል። ስለዚህ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ወይም ሌላ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ክፍያ ሸፍኖ ከተቀበላት፣ ያለ ማመንታት ወደዚያ ትሂድ። የእኔ ክርክር ከዕዳው ጋር ነው።

ለቅዳሴው ጥያቄ፦ «ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገብታ ምሕንድስና ጀመረች» ይበሉ። ቢጠይቁዎ ሮበርት ጊብሰን የተባለ የናሳ ጠፈርተኛ ነበር ብለው ይንገሯቸው። ኒውዮርክ ውስጥ ሰፎክ ካውንቲ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1966 በኢንጂነሪንግ ሳይንስ አሶሼት ዲግሪ ያዘ፤ ከዚያ በካሊፎርኒያ ፖሊቴክኒክ በኤሮኖቲካል ምሕንድስና በ1969 ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ መንኮራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩሲያው የጠፈር ጣቢያ ከሚር ጋር ሲገጣጠም አዛዡ እርሱ ነበር።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እርስዎ ምን እንደሚፈሩ፣ ጓደኞችዎ ምን እንደሚሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ስንት እንደሚያስከፍል አለበት። ልጅዎ ምን እንደምትል ግን አንዲት መስመር አላገኘሁበትም። ሥራ በማይገቡበት ቀን፣ ስልክዎን አስቀምጠው፣ የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ሒሳብ አንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ ጻፉትና የምትለውን ስሟት። ለሚቀጥለው እትም ደብዳቤውን እርሷ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።